«እንዲሁ ብቅ ብዬ ነው»

ጋሽ ደረጀ የሞተ ቀን የኦስሎ ሐበሻ ጭንቅ፣ ማን ይንገር የሚል ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ጥያቄ ጠይቀን አናውቅም፤ የሚናገረው እሱ ነበራ። የአንዱ እናት አዲስ አበባ ሲያርፉ፣ የሌላው ወንድም ደሴ ላይ ሲሞት፣ እዚህ ያለውን ዘመድ የሚያረዳው ደረጀ ነው። አሁን ሟቹ ራሱ ሲሆን፣ የእድሩ ሰዎች ስልካቸውን እንደያዙ ለማን እንደሚደውሉ ጠፋባቸው። አንዱማ ከልማድ የተነሳ ለራሱ ለደረጀ ደውሏል። የተቀዳው ድምፅ «ሃሎ! ደረጀ ነኝ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ስጨርስ ራሴ እመጣልሃለሁ» ሲለው ስልኩን ሶፋው ላይ ወርውሮ ከቤት ወጣ።

ደረጀ የአክሲዮን ደላላ ነበር። ወደቡ ዳር ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ፣ የተደረደሩ ስክሪኖች ፊት ተቀምጦ በሰው ገንዘብ አክሲዮን ሲገዛና ሲሸጥ ይውላል። ገበያው ሲዘጋ ክራባቱን እንዳሰረ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሰፈሩ ወደ ቫይትቬት ይመለስና ሴት ልጆቹን ከባርነሃገ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቱ፣ ይቀበላል። በረዶ የጣለ ቀን ልጆቹ ከዳገቱ ላይ እየተንሸራተቱ ሲወርዱ እሱ መንሸራተቻ የለውም፤ ስለዚህ የቆዳ ቦርሳውን መሬት ላይ ያደርግና፣ ካፖርቱን ሰብስቦ ይቀመጥበትና፣ «ገበያው ወደቀ!» እያለ ቁልቁል ይወርዳል። ያንን ቦርሳ በማግስቱ ደንበኞች ፊት ይከፍተዋል። ሚስቱ ሰብለ፣ «ሦስት ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ክራባት ያስራል» ትላለች። ሴት ልጆቿ ሁለት ናቸው።

እናቶቻችን ደላላ ሲባል የሚያውቁት የቤትና የመኪናውን ነው። ስለዚህ ደረጀን በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ እየያዙ፣ ቤት ፈልግልን፣ ለልጄ ሥራ ፈልግላት፣ ለዚህ ጎረምሳ ሚስት ፈልግለት ይሉታል። ሥራዬ እሱ አይደለም ብሎ አያውቅም። «ኔይ»፣ አይሆንም፣ የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማሁት አንቱ ሲሉት ብቻ ነው። «አንቱ አትበለኝ፤ ዋጋዬ ይወርዳል» ይላል።

እኔን ያገኘኝ በማኅበሩ አዳራሽ ነው። ግጥም አቀርብ ነበር፤ ስለ ብቸኝነት፣ በጣም ያዘነ ግጥም። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈረሰ። ስጨርስ ራሱ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ይቅርታ ገጣሚው! ‹ዝምታዬ እንደ ግንብ› ስትል እናትህ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ‹ውሸቱን ነው፣ ቤት ውስጥ ሲለፈልፍ ነው የሚውለው› አለችኝ።»

ተናደድኩ። እናቴን ስጠይቃት አልካደችም።

ከዚያ ወዲህ ግጥሞቼን እየላክሁለት፣ እሱ ከቢሮው እንደ አክሲዮን ይመዝናቸው ነበር። «ሁለተኛውን መስመር ሽጠው። የመጨረሻውን አስቀምጠው፣ ይጨምራል። ርዕሱን ማን ሸጠልህ?» ይለኛል። ግጥም ተምሮ አያውቅም፤ እኔም አልተማርኩም። ሽጠው ያለኝን መስመር ግን አንድም ቀን መልሼ ፈልጌው አላውቅም።

መርዶ ነጋሪ የሆነው እንዲህ ነው። ድሮ ሥራው የእድራችን ዳኛ የጋሽ መኮንን ነበር። ጋሽ መኮንን ደግ ሰው ናቸው፤ ችግሩ ገና በር ላይ ሲደርሱ ያለቅሳሉ። አንድ ጊዜ መርዶ ሊነግሩት የሄዱት ሰውዬ ውሃ አጠጥቷቸው፣ ትከሻቸውን እያሻሸ፣ «አይዞዎት ጋሽ መኮንን፣ ማን ሞቶብዎት ነው?» እያለ ሲያጽናናቸው ቆየ። ያረፉት የእሱ አባት ነበሩ። በቀጣዩ የእድር ስብሰባ ጋሽ መኮንን ተነሱና፣

«ደረጀ፣ ሥራህ በትክክል ምንድነው?» አሉት።

«ሲጨምር እደውልና ጨመረ እላለሁ። ሲወድቅ እደውልና ወደቀ እላለሁ።»

«ወደቀ ስትላቸው ምን ይሉሃል?»

«ይሰድቡኛል።»

«አንተስ?»

«እስኪጨርሱ እጠብቃለሁ።»

ጋሽ መኮንን ወደ ጉባኤው ዞሩ። «ወገኖቼ፣ ሰውዬው ክፉ ወሬ ለመንገር ደመወዝ ይከፈለዋል! ምን እንፈልጋለን ከዚህ በላይ?»

በጭብጨባ ጸደቀ። ደረጀም ሥራውን እንደያዘ ለወጠው። አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነው። ኦስሎ ጎህ ሲቀድ ግን ሐበሻ ቤቱ የለም፤ አንዱ ቢሮ ያጸዳል፣ አንዱ አውቶቡስ ይነዳል፣ እኔ ራሴ አልናብሩ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ስለዚህ ደረጀ ሰዓቱን ከሥራ መልስ አደረገው። ሁለተኛው ራስ ምታት ፌስቡክ ነበር። እኛ ሰዉ ይብላ ይጠጣ ስንል፣ አዲስ አበባ ያለ የአክስት ልጅ የሟችን ፎቶ ከነሻማው ይለጥፈዋል። ለዚህም መላ አበጀ። ገና ጫማውን እንዳወለቀ፣ «ኢንተርኔታችሁ ይንቀራፈፋል መሰል፣ ልይላችሁ» ይልና ከቴሌቪዥኑ ኋላ ተንበርክኮ ገመዱን ይነቅላል። ቀጥሎ፣ «ስልክሽን ስጪኝማ፣ የልጆቼን ፎቶ ልላክልሽ» ብሎ ይቀበልና ኪሱ ይከተዋል።

ከዚያ ምግብ ነው። «ሞቻለሁ በረሃብ» ይላል፤ በዚያ ቤት በዚያ ሰዓት እንዲህ የሚል ሰው እሱ ብቻ ነው። ምግብ ሲቀርብ ራሱ አንድ ጎርሶ ባለቤቲቱን ማጉረስ ይጀምራል። እየቀለደ፣ እየተሳደበ፣ የቢሮውን ሰዎች አረማመድ እያሳየ፣ ሳትጠግብ አይለቃትም። ይህን ከማን ተማርከው ስለው «ከቤት» ይለኝ ነበር። ሰሃኑ ሲነሳ ሳቁ ይነሳል። እጁን ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ «አረፉ» ይላል። በቃ፤ ሌላ ቃል የለም። ከዚያ እስኪጨርሱ ይጠብቃል።

እኔን ይዞኝ መሄድ የጀመረው ቃል ታውቃለህ ብሎ ነው። የመጀመሪያ ቀን መኪና ውስጥ ያዘጋጀሁትን አነበብኩለት፦ «የሕይወታቸው ሻማ በዝግታ ቀልጣ፣ ብርሃናቸው ወደማይጠፋው ብርሃን ተሻገረ።»

ደረጀ አሰበበት። «ገጣሚው፣ ሴትየዋ መብራት ጠፋ የሚል ነው የሚገባት። ተነስታ ቆጣሪ ታያለች። አንተ ኬኩን ያዝ፣ ዝም በል።»

ኬክ መያዝና ዝም ማለት ሥራዬ ሆነ።

እንግዲህ ይህ ሰው በዓለም ላይ ከሁሉ የሚወደው ነገር ሳይጠሩት ሰው ቤት መሄድ ነበር። ጣጣውም ከዚህ መጣ። እዚያው ቫይትቬት የምትኖር እትዬ አስካለ የምትባል ሴት አለች፤ ልደቷ ነበር። ደረጀ ኬክ አሠራ፤ በላዩ ላይ በኖርዌይኛ «እንኳን ደስ አለሽ» ተጽፎበታል። ከሥራ መልስ፣ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ፣ እኔ ኬኩን ይዤ ከኋላው ቆሜ፣ ደወለ። አስካለ በሩን ከፈተች። እሱን አየች፣ እኔን አየች፣ የያዝኩትን ካርቶን አየች።

«ወንድሜን!» ብላ መሬት ላይ ዘጭ አለች።

«ኧረ አስካለ! እንዲሁ ብቅ ብዬ ነው!» ቢላት ማን ይስማው። እንዲሁ ብቅ ብዬ ነው ማለት ሲያረዳም የሚላት ነገር ናት። ጩኸቱን የሰሙ የሕንፃው ሐበሾች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየሮጡ ደረሱ፤ ማን እንደሞተ የጠየቀ የለም፤ ደረጀ ቆሟል፣ ይበቃል። በዚያ ሁሉ መሀል ከደረጀ ኪስ ስልክ መጮህ ጀመረ። የአስካለ ስልክ ነው፤ ከልማዱ የተነሳ ከወለሉ አንስቶ ኪሱ ከትቶታል። ቢያነሳው ወንድሟ ነው፣ መልካም ልደት ሊላት ከአዳማ የደወለ።

ድምፁን አሰማት። አስካለ እንባዋን ጠረገች፣ ስልኩን ነጠቀች፣ «አንተ! ይህን ሁሉ ሰው ካስለቀስህ በኋላ ነው የምትደውለው?» ብላ ወንድሟን ወረደችበት። ለቀስተኛው ከመጣ አይቀር ብሎ ተቀመጠና «እንኳን ደስ አለሽ» የሚለውን ኬክ ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ በላ።

ሁላችንም ለሳምንታት ሳቅንበት። ደረጀ ግን አልሳቀም። እኔን ሊሸኝ ወጥቶ ባቡር ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ ደስታ የሌለበት ፊቱን ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

«ገጣሚው፣ እኔን ያየ ሰው ሁሉ ዘመዱን የሚቀብር ከሆነ፣ የማን ቤት እሄዳለሁ?»

«መርዶውን ተወዋ ጋሼ። ለጋሽ መኮንን መልስላቸው።»

«ሰውን በለቅሶ ይግደሉት?» አለ። ባቡሩ መጥቶ ሄደ። ድንገት ጭኑን መታ። «ብርቅ ስለሆንኩ እኮ ነው! እኔ በር ላይ መቆሜ ብርቅ ነገር ስለሆነ ነው ዋጋው እንዲህ የተሰቀለ። ገበያውን ማጥለቅለቅ ነው!»

አጥለቀለቀው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ምክንያት የማይገባበት ቤት ጠፋ። ሽንብራ ይዞ ይመጣል፣ ባዶ እጁን ይመጣል፣ ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል፣ ሽንት ቤት ልጠቀም ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ሰዉ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተጠራጠረ፣ በመጨረሻ ሰለቸው። አንድ ቤት ስንገባ ሰውዬው ከሶፋው ሳይነሳ፣ «የሞተ አለ?» አለ፤ «የለም» ሲለው፣ «እንግዲያው ዝም በልና ኳስ እይ» አለው። ደረጀ በደስታ ዓይኑ እንባ ሞላ። ሰብለን ባልሽ የት ነው ሲሏት፣ «እሱን የፈለገ ቤቱ ቁጭ ይበል፤ ይመጣለታል» ትል ነበር።

ጎረቤቱ ኦድቫርም አላመለጠም። ኦድቫር ሚስቱ ከሞተችበት ወዲህ ብቻውን የሚኖር ጡረተኛ ኖርዌጂያን ነው። ደረጀ መጀመሪያ ሲያንኳኳበት የበሩን ሰንሰለት ሳያወልቅ በስንጥቁ አይቶ፣ «ማን ሞተ?» አለው። ደረጀ በሳቅ ሊሞት! «ይኸው፣ ሐበሻ ነህ!» አለው። ለካ እዚህም አገር ሳይቀጠር የሚመጣ ሰው የክፉ ወሬ ሰው ነው። «ማንም አልሞተም፤ እንዲሁ ብቅ ብዬ ነው።» ኦድቫር ይህን ሊረዳው አልቻለም፤ «ታዲያ ለምን መጣህ?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀው። ከወራት በኋላ ግን ራሱ ቫፍል የሚሉትን ጣፋጭ ቂጣቸውን ጋግሮ የእነ ደረጀን በር ሲያንኳኳ፣ በተሰባበረ አማርኛ «እንዲሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጉርሻ ሲመጣለትም አፉን መክፈት ለመደ፤ ዓይኑን ግን እስከ ዛሬ ይጨፍናል።

ደረጀ የሞተው በዱግናድ ቀን ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ግቢውን የሚያጸዳበት የፀደይ ቅዳሜ። ዱግናድን ከገና ይልቅ ይወደው ነበር፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ደጅ የሚወጣበት ብቸኛ ቀን ነዋ። ቅጠል ይጠርጋል፣ የጠረገውን መልሶ ልጆች ላይ ይበትናል፣ አንድ የማይሆን ዘፈን ያዘፍናቸዋል። ከዚያ የቅጠሉ ክምር ላይ በጀርባው ወደቀ። ልጆቹ ሳቁ። ሞቻለሁ ብሎ መውደቅ የዘወትር ጨዋታው ነው፤ እየኮረኮሩ ነው የሚያስነሱት። ትልቆቹም ሳቅን። መጀመሪያ መሳቅ ያቆመው ኦድቫር ነበር።

ያን ምሽት እነ ደረጀ ቤት ሰው እስከ ደረጃው ሞላ። ሰብለ ልጆቿን በሁለት ክንዷ ይዛ ለጋሽ መኮንን አንድ ነገር ብቻ አለቻቸው፦

«እማማ አልሰሙም። እኔ ብሄድ ፊቴን አይተው እዚያው ይወድቃሉ። እሱ ለሰው እንዳደረገው አድርጉላቸው። ስልክ አይንገራቸው፤ ሰው ይንገራቸው።»

እማማ ጥሩነሽ፣ የደረጀ እናት፣ ትሮስተሩድ የሚባል ሰፈር ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ደረጀ አንድያ ልጃቸው ነው። ታብሌት አላቸው፤ ከሁላችንም ቀድመው ወሬ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው። ማታ መርዶ አይነገርም፤ ሌሊቱን ይተኙ ተባለ። ማግስቱ ደግሞ እሑድ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ከደረሱ ገና በር ላይ ሰዉ ይጮህባቸዋል። ከመውጣታቸው በፊት መድረስ አለብን። ግን እማማ ጥሩነሽ ቅዳሴ ሳያስቀድሱ ውሃ እንኳ የማይቀምሱ ሴት ናቸው፤ ታዲያ እንዴት አብልተን እንነግራቸዋለን? እድሩ በዚህ ሲከራከር አመሸ። አንዱ ቄሱ ይፍቀዱ አለ፣ አንዱ ስኳር በውሃ ይሰጣቸው አለ። መላውን የሚያውቀው ሰው ሬሳ ክፍል ነበር።

በመጨረሻ ጋሽ መኮንን ወደ እኔ ዞሩ። «ከእሱ ጋር ስትሄድ የነበርከው አንተ ነህ።»

«እኔ ኬክ ነው የምይዘው ጋሼ።»

«ከኬክ ያዥ ሌላ ማንም የለን» አሉኝ፣ እያለቀሱ።

ጠዋት እኔንና ጋሽ መኮንንን ኦድቫር በመኪናው ወሰደን። እመጣለሁ ብሎ ድርቅ አለ፤ ቫፍሉንም ይዟል። መንገዱን ሁሉ አንድ ዓረፍተ ነገር በልቤ ስሸምን ነበር፤ ውስጡ ፀደይ አለ፣ ቅጠል አለ፣ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር። ጋሽ መኮንን ከኋላ እንዲቆሙና ጣሪያ ጣሪያውን እንዲያዩ ተስማማን። ደወልኩ።

እማማ ጥሩነሽ ነጭ ለብሰው ለቤተ ክርስቲያን ተዘጋጅተዋል። ሦስታችንን አንድ በአንድ አዩን።

«እንዲሁ ብቅ ብለን ነው» አልኩ።

«ግቡ» አሉና ወደ ኩሽና ገቡ።

ደረጀ እንደሚያደርገው በቀጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ሄድኩ። ተንበርክኬ ገመዱን በእጄ ስዳብስ ከኩሽና፣

«ተወው ልጄ» አሉኝ። «ትናንት ነቅዬዋለሁ።»

ቀና አልኩ። «ለምን እማማ?»

«ሰው ሁሉ ይደውላል፣ ድምፄን ሲሰማ ይዘጋል። ሰው እስኪመጣ ብዬ ነቀልኩት።»

ጋሽ መኮንን ጣሪያውን ጨርሰው አዩ።

እማማ ዳቦና የተጠበሰ እንቁላል አቀረቡ፤ የኦድቫርን ቫፍልም ከጎኑ አደረጉት። ተቀምጠው፣ በጸጥታ፣ ማጉረስ ጀመሩ። ኦድቫር ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ። ጋሽ መኮንን፣ «እማማ፣ እኔ እንኳ ቅዳሴ…» ሲሉ፣

«ብላ መኮንን። ጉልበት የለህም አንተ» አሏቸው። በሉ።

ለእኔም አጎረሱኝ። አልወርድ ብሎኝ ስታገል በትዕግስት ጠበቁኝ፤ ሌላ ጨመሩልኝ። ሁላችንም እንደበላን ካረጋገጡ በኋላ ሰሃኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ከዳቦው ቆረሱ። አፋቸው ውስጥ አደረጉት፣ ቀስ ብለው አኘኩት፣ ዋጡት። ሰሃኑን ገፋ አደረጉና እጃቸውን ጠረጉ።

«ይኸው፣ በላሁ» አሉ። «አሁን ንገሩኝ።»

ያ ስሸምነው የመጣሁት ዓረፍተ ነገር የት እንደገባ አላውቅም። እጄን ጉልበቴ ላይ አደረግሁ።

«ደረጀ አረፈ» አልኩ።

ከዚያ ጠበቅናቸው። እስኪጨርሱ።

አሁን ብዙ ጊዜ አልፏል። ጋሽ መኮንን መርዶውን መልሰው ለመያዝ ሞክረው ነበር፤ ሰዉ በአንድ ድምፅ «ኔይ» አላቸው። መርዶ ነጋሪው እኔ ሆንኩ። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ ገበያውን ማጥለቅለቅ ግዴታው ነው፤ ስለዚህ ከአልናብሩ መጋዘን ስወጣ የማገኘውን በር ሁሉ አንኳኳለሁ። ትሮስተሩድ ስሄድ ብዙውን ጊዜ ኦድቫር ቀድሞኝ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ቋንቋ የላቸውም፤ እሱ በኖርዌይኛ እሳቸው በአማርኛ ስለ ደረጀ ያወራሉ፣ በየመሀሉም አብረው ይስቃሉ፤ ቦርሳው ላይ ቁጭ ብሎ ስለመንሸራተቱ እንደሚያወሩ እማማ እጃቸውን ቁልቁል ሲያንሸራትቱ ይገባኛል።

ባለፈው ሳምንትም ደወልኩ። ከውስጥ የቴሌቪዥን ድምፅ ይሰማል፣ ቫፍል ይሸታል።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ እማማ።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ጫማህን አውልቀህ ግባ» አሉኝ።